ራቅ ያለ ምሳ

ሥራዬን ለምን እንደተውኩ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሱን ከጥያቄው ጋር ይዞ ነው የሚመጣው። “ደሞዙ አንሶሽ ነው አይደል?” ይላል አንዱ። “ልታገቢ ነው እንዴ?” ትላለች ሌላዋ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ አላገባሁም፤ በሁለቱም አይደለም። በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ሴት “የሥራ ዘመኔ” ብላ ስትጽፍ የሚስቅ ካለ ደግሞ ይሳቅ። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቼ ያለኝን ጉልበት አንድ ቦታ ላይ ነው የጨረስኩት። ያለቀ ነገር ደግሞ ይተረካል።

ቦታው ለቡ መብራት ኃይል ያለ አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ብጽፈው ነገ ደውሎ የሚያስፈራራኝ ጠበቃ አያጡም። ሥራችን ሲነገር ቀላል ነው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ለተቸገረ ሰው በነጻ ምሳ የሚሰጥ ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው? ይህን አውቆ ለሚጠይቅ መናገር። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፣ አንዳንዱ የጴንጤዎች ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዱ የእድር አዳራሽ። ሁሉንም የምንይዝበትን ዝርዝር “ማውጫ” እንለዋለን።

መጀመሪያ የተመደብኩት ግን ማኅበሩ መካኒሳ አቦ በነበረው የራሱ ኩሽና ነው። ሽንኩርት ልልጥ፣ ብረት ድስት ልፈግፍግ ገባሁ። እዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰልፍ ላይ የሚጨቃጨቀው ትናንትም የበላው ሰው መሆኑን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው አይጨቃጨቅም። መንገድ የጠፋበት መስሎ ይቆማል። ስልኩን ይነካካል፣ ሰው የቀጠረው ይመስል መንገዱን ያያል። ሰልፉን አንዴ ያልፈዋል፣ ተመልሶ ያልፈዋል። ከዚያ ወይ ይገባል ወይ ይጠፋል። እነዚህን እያየሁ “ኧረ ግቡ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል!” ብዬ ስጮህ የወጥ ቤቷ ኃላፊ በጭልፋ እጄን መታችኝ። “አንቺ ልጅ ሰው ልታበዪ ነው ወይስ ልታባርሪ?” አለችኝ። አንደበቴን ስላወቁት ነው መሰለኝ ወደ ስልክ ክፍል አዛወሩኝ። የማይታይ ሰው ላይ ብትጮህ ይሻላል ብለው ይሆናል።

ስልክ ክፍሉ የሲስተር ጥሩወርቅ ነበር። ሲስተር ከጤና ጣቢያ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ማውጫውን ከባዶ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። ስልክ የሚያናግሩት ቆመው ነው። “ስትቀመጪ ድምፅሽ ይተኛል፤ የተራበ ሰው የተኛ ድምፅ ከሰማ ይዘጋዋል” ይሉኝ ነበር። አንድ ቦታ መሥራቱን ሲያጣሩ “ምግብ ትሰጣላችሁ?” ብለው ጠይቀው አያውቁም። ሁሉም “አዎ” ነዋ የሚለው! ማን ነው “የለም፣ ትተነዋል” ብሎ በእግዜር ፊት የሚዋረድ? እሳቸው የሚጠይቁት “ትናንት ምን አበላችሁ?” ብለው ነው። “ምስር በዳቦ” ካለ፣ አለ ማለት ነው። “እንግዲህ… እንደ ቀኑ ነው” ካለ ወዲያው ከማውጫው ይወጣል። ቀጥለው በየትኛው በር እንደሚገባ፣ መታወቂያ ይጠየቅ እንደሆነ፣ በምሳ ዕቃ ለልጆች ይዞ መሄድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ። በሩን የማታውቂው ምሳ ምሳ አይደለም ይላሉ። አንዲት ሴት በተሳሳተ በር ገብታ ዘበኛ አንዴ “ምን ፈለግሽ?” ካላት ሁለተኛ አትመለስም።

ለሚደውል ሰው ደግሞ ስም አይጠይቁም፣ ወረዳም አይጠይቁም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው “የማያውቁሽ ሰፈር የቱ ነው?” የሚል ነው።

መጀመሪያ ስሰማ የተሳሳቱ መሰለኝ። “ሲስተር፣ የሚኖሩበት ሰፈር አይደል እንዴ የሚጠየቀው?”

“ጎረቤቷ እንዲያውቅባት ብትፈልግ እኛ ጋ ለምን ትደውላለች? በሩን አንኳኩታ አትበደርም ነበር?” አሉኝ ቀና ሳይሉ።

የለቡ ሰው መካኒሳ ይበላል። የመካኒሳው ላፍቶ ይሄዳል። የታክሲ የሌለው በእግሩ ይሄዳል እንጂ በሰፈሩ አይሰለፍም። ይህን ከሳቸው ከሰማሁ በኋላ ነው እነዚያ ሰልፉን ሁለቴ የሚያልፉት ሰዎች ምን ያዩ እንደነበር የገባኝ። ምግቡን አልነበረም የሚያዩት፤ ሰልፉ ውስጥ የሚያውቁት ፊት ይኖር እንደሆነ ነበር።

ግን ሲስተርን ጻድቅ አድርጌ እንዳልጽፍ፣ በድረ ገጽ ጉዳይ ተጣልተናል። “ኢንተርኔት ያለው ሰው አይራብም” ይሉ ነበር። ውሸት! ቁርስ ያልበላና ስልኩ ላይ ግን የኢንተርኔት ጥቅል ያለው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። እኛ ቢሮ ዘግተን ስንሄድ ማን ይነግረዋል? ድምፁን ማሰማት ያፈረውስ? ስለዚህ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጥቶ “ዓለም የት ደርሷል፣ እናንተ ገና በስልክ ትጮኻላችሁ” ሲል ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ሱራፌል ይባላል። ፊት ለፊቱ አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ አንቱታውን ወስጄበታለሁ። የሰጠኝ ሥራ ግልጽ ነበር። በውጭ አገር ለተቸገሩ ሰዎች ምግብ የሚያገኙበትን ቦታ የሚጠቁሙ ድረ ገጾች አሉ፤ እነሱን አወዳድሪ፣ የሚጠቅመንን ለይ፣ ማውጫችንን በዚያ እናሻሽላለን። ኮድ የሚጽፈው ናሆም የሚባል ጎረምሳ ከእኔ ጋር ተመደበ።

እውነቴን ነው፣ እንደዚያ የወደድኩት ሥራ የለም። የቢሮውን ኮምፒውተር ትቼ መስታወቱ በተሰነጠቀው የራሴ ስልክ፣ በትንሹ ጥቅል፣ ቁርሴን ሳልበላ ነው ያወዳደርኩት። የጠገበ ሰው በፈጣን ኢንተርኔት ሲያየው ሁሉም ድረ ገጽ ያምራል። ስም አወጣሁላቸው። አንዱን “መርማሪው” አልኩት። ምግብ የት አለ ስትይው ገቢሽን፣ የልጆችሽን ቁጥር፣ የትውልድ ቀንሽን ይጠይቅሻል። መጨረሻ ላይ ቦታውን ሲነግርሽ ቦታው ተዘግቷል። ሌላው “ሠርገኛው” ነው፤ ጥርሳቸውን የገለጡ ሰዎች ትልልቅ ፎቶ ሳህን ይዘው ይስቁብሻል። ፎቶው ተጭኖ ሳያልቅ ጥቅሌ አለቀ። ናሆም “ምን አስቆጣሽ፣ ይስቁ ተያቸው” አለኝ። “ማን ነው ምጽዋት ሲቀበል እንደዚህ የሚስቀው?” አልኩት።

አንዱን ደግሞ “ሐቀኛው” አልኩት። መልኩ አያምርም፣ ፎቶ የለውም፣ በተሰነጠቀ ስልክም ወዲያው ይከፈታል። ከእያንዳንዱ ቦታ ሥር መቼ እንደተጣራ ይጽፋል። ከቆየም “ይህን ካጣራን ሰንብተናል፣ ሳትደውሉ አትሂዱ” ይላል። ሲስተር ድረ ገጽ ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሆኑት። እሱን ስናይ ናሆም ራሱ ከወንበሩ ተነሣ። “‘ትናንት ምን አበሉ’ የሚል መስመር እንጨምርበትና ይለቅ” አለ። እኔ በሩን ጨመርኩ፣ እሱ ጾምና ፍስኩን ጨመረ።

ሁሉም ድረ ገጾች ግን፣ ሐቀኛውም ሳይቀር፣ ስትከፍቻቸው የሚያቀርቡልሽ “በአቅራቢያዎ ያለ” ነው። ቅርቡ ከላይ፣ ሩቁ ከታች። እዚያ አገር ይሠራ ይሆናል፤ አላውቅም። እዚህ ግን አይሠራም። ለናሆም ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ሁለት ቁልፍ ሠራ፤ አንዱ “ቅርብ ያለ”፣ አንዱ “ራቅ ያለ”። በቃ። የአንድ ከሰዓት ሥራ።

ሱራፌል ሲያየው ሳቀ። “ራቅ ያለ? ሰኒ፣ ቀልድ ነው ይሄ?” ስሜ ሰናይት ነው፤ ሰኒ ያለኝ ሰው የለም ከሱ በቀር።

“ቀልድ አይደለም አቶ ሱራፌል። ሰው በሰፈሩ መሰለፍ አይፈልግም።”

“የተራበ ሰው ቅርብ ነው የሚፈልገው። ይሄ ሂሳብ ነው። ለጋሾቹ ይሄን ቁልፍ ቢያዩ ምን ብዬ ነው የማስረዳው?”

“ሰው ያፍራል ብለው ያስረዱዋ!”

“ሀፍረትን የምንለካበት የለንም” አለና ቁልፉን አስወጣው።

እሱ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ሰው በስልክ ያገኘን ነበር። ነገር ግን “አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይበላል” የሚል ወሬ ሰምቶ ሥርዓት አወጣ። ድረ ገጹ ላይ ስልክ ቁጥርሽን ታስገቢያለሽ፣ ሰፈርሽን ስልክሽ ካለበት ቦታ ራሱ ይለያል፣ በጣም ቅርቡ አዳራሽ በመልእክት ይደርስሻል፣ ሌላ አዳራሽ ከሄድሽ ይመልሱሻል። ስልክ ክፍሉ ይዘጋል። ሲስተር ጥሩወርቅ መነጽራቸውን በቦርሳቸው ከተው ሄዱ። “እኔ ሁለት ጊዜ ጡረታ ወጣሁ፣ ምን ጎደለኝ” ብለው እየቀለዱ ወጡ። ደረጃው ላይ ግን ግድግዳውን ይዘው ቆመው አየኋቸው።

አሁን ወደ የሺ ልምጣ። ይህን ሁሉ የምጽፈው በሷ ምክንያት ነው።

የሺን በስልክ ነው ያወቅኳት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሞተ። ሁለት ልጆች አሏት። ለቡ ውስጥ በሰፈር የተከበረች፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር መጀመሪያ ደርሳ ውኃ የምትቀዳ፣ የእድሩ ሴቶች ያለሷ ድግስ የማይጀምሩ ዓይነት ሴት ናት። ስትደውል አንቱ ብዬ ጀመርኩ። “አንቺ በይኝ የኔ እህት፣ አንቱ ስትዪኝ የባሰ አፍራለሁ” አለችኝ። የማያውቋት ሰፈር የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። “መካኒሳ አቦ” አለች። መካኒሳ ላክኋት።

ዘዴዋን ስትነግረኝ ሳቅን። ለጎረቤቶቿ መካኒሳ ምግብ ቤት ተቀጥሬያለሁ ብላ ነግራለች። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ምሳ ዕቃዋን በነጠላ ሸፍና ስትመለስ ወጥ ወጥ ትሸታለች፤ ማን ይጠረጥራል? “የቅጥረኛ ሽታ አለኝ አይደል?” ትለኝ ነበር። ልጆቹም በልተው ያድራሉ፣ ራሷም ቀና ብላ ትሄዳለች። ሁሉም ነገር እንዲህ ሆኖ ሲሠራ ነበር።

ሥርዓቱ ሲጀምር መካኒሳ መለሷት። “ያንቺ ቦታ ለቡ ነው” አሏት። ለቡ ያለው አዳራሽ ደግሞ የራሷ እድር አዳራሽ ነው። ማኅበሩ ተስማምቶበት የእድሩ ሴቶች በበጎ ፈቃድ ምሳ ያቀርባሉ። ጭልፋውን የያዙት የሷው ጎረቤት ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው።

ደወለችልኝ። “ሰናይት፣ ከዘነቡ እጅ ምሳ ከምቀበል…” አለችና ቃሉን አልጨረሰችውም። ልጆቹ ያለ ምሳ ዋሉ።

እኔ ለሲስተር ደወልኩ። ሲስተር ወዲያው “ላፍቶ አንድ የጸሎት ቤት ግቢ አለ፤ እነሱ የማንንም ሥርዓት አይሰሙም፤ በእኔ ስም ላኪያት” አሉ። ላክኋት። የሺ በእግሯ ሄደች። በሩ ተቆልፎ አገኘችው። ግቢው ምሳ መስጠት ካቆመ ሰንብቷል። ሲስተር ጥሩወርቅ፣ “ትናንት ምን አበላችሁ” ሳይሉ ስም የማይጽፉት ሴትዮ፣ በንዴት ከትዝታቸው ነው የተናገሩት። እሳቸው ሲነግሩኝ እኔም ሳልደውል አመንኩ። ሲስተር በኋላ ይህን ሲሰሙ እንደ ልማዳቸው ቆመው ነበር የሚያናግሩኝ፤ ሲቀመጡ የወንበሩን ድምፅ ሰማሁ።

በሦስተኛው ቀን የሺ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። “ነይና አጠገቤ ቁሚ” አለችኝ። ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ አገኘኋት። ምሳ ዕቃዋ በዘንቢል ውስጥ ነው። ሰልፉን አላለፈችውም፤ ቀጥ ብላ ገባች፣ እኔም ከኋላዋ። ወይዘሮ ዘነቡ ገና ሲያይዋት ፊታቸው በራ።

“የሺዬ! ልትረጂን መጣሽ! አልኳችሁ እኮ፣ የሺ ሥራ ቢበዛባትም አትቀርም አልኳችሁ!”

ሴቶቹ ሁሉ ዞሩ። አንዷ ሽርጥ ከራሷ ላይ ፈትታ የሺ ወገብ ላይ አሰረችላት። ሌላዋ ጭልፋ አስያዘቻት። “የምግብ ቤት ሰው ናት፣ አቀራረቡን ታሳየን!” አለች። የሺ ወደ እኔ አየች። አፌን ልከፍት ስል ዓይኗ “ብትናገሪ ወዮልሽ” አለኝ።

እዚያ ቆማ ያን ሁሉ ሰው አቀረበች። አሳምራ ነው ያቀረበችው፤ ለአረጋዊው ወጡን አቅጥና፣ ለእናቲቱ ለልጇ አክላ፣ እየቀለደች። ሲያልቅ ድስቱን አጠበች፣ ሽርጡን አጥፋ ሰጠች፣ ዘነቡን ጉንጫቸውን ስማ ወጣች። ከሚረዱት ሴቶች ምግብ የሚነካ የለም። ለድሃ የመጣ ምግብ አይነካም፣ ነውር ነው። ይህን ማንም ደንብ አላወጣውም፤ ክብራቸው ነው። የሺ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዛ ቤቷ ገባች።

በማግስቱም ሄደች። አለመሄድ አትችልማ፤ ቃል አስገብተዋታል።

እኔ አንደበቴን ይዤ መቆየት የማልችል ሰው ነኝ። ምስጢሯን ሳላወጣ ላበላት ብዬ አንድ ቀን አዳራሹ መሐል ጸብ አነሣሁ። “እናንተ ከረፋድ ጀምራችሁ እየለፋችሁ አንድ ጉርሻ አትነኩም! እያንዳንዳችሁ ድርሻ ይዛችሁ ግቡ፣ ማኅበሩ ይፈቅዳል!” አልኩ። አይፈቅድም ነበር፤ ዋሸሁ።

ወይዘሮ ዘነቡ ተቆጡ። “ልጄ፣ እኛ ልንበላ ነው እንዴ የመጣነው? ማን ደሃ ነው ብለሽ ነው?”

“ደሃ አላልኩም እትዬ፣ የሠራ ሰው ይብላ ነው ያልኩት!”

ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ የተናገረችው ግን የሺ ናት። “እኛ ምን ጎደለን! ለኛ ብላ ነው ይቺ? ሂጂ ከዚህ!” አለችኝ። ሴቶቹ አጨበጨቡላት። ድምፅዋ እንደዚያ ሲጠነክር ሰምቼ አላውቅም። ተናድጄ ሳይሆን አልቅሼ ነው የወጣሁት፤ ከዚያ ግን ተናደድኩ፣ እስካሁንም አልበረደልኝም። በየሺ አይደለም። በዘነቡም አይደለም፤ ሴትዮዋ ወዳት ነው። የተናደድኩት አንዲትን ቁልፍ፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ፣ ሳቅ ብሎ ባስወጣት ሰው ነው።

ሱራፌል በዚያው ሳምንት ጠራኝ። ደስ ብሎታል። የድረ ገጹን ስልክ ቁጥሮች ከበጎ ፈቃደኞቹ ዝርዝር ጋር ሲያስተያይ ለቡ አዳራሽ በተረጂነት የተመዘገበች አንዲት ሴት እዚያው በበጎ ፈቃድ እንደምታገለግል አግኝቷል። “‘ከተረጂነት ወደ ረጂነት’! ሰኒ፣ ርዕሱን አየሽው? ፎቶዋን አንስተን መጀመሪያ ገጽ ላይ እናወጣዋለን!”

“ይቺ ሴት ዛሬ ምሳ አልበላችም” አልኩት።

“አዳራሽ ውስጥ እየዋለች?” እውነት ግራ ገባው። “ታዲያ ለምን አልወሰደችም?”

ይህን ጥያቄ የጠየቀው በክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ናሆም ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። ከምሳ በኋላ ሱራፌል ቁጥሯን ሲፈልግ ከሲስተሙ ጠፍቷል። “ብልሽት ነው” አለ ናሆም ፊቱን ሳያዞር። “አልፎ አልፎ ያጋጥማል።” ሱራፌል ወደ እኔ አየ፤ እኔ መልቀቂያዬን ሰጠሁት። አላነበበውም። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፣ ቀረበት።

የሺ በወሩ ሰፈር ለቀቀች። ልጆቿን ከትምህርት ቤት አወጣች። እድሯን፣ ለቅሶ ቤቷን፣ የሚያከብሯትን ጎረቤቶች ሁሉ ትታ ሀና ማርያም አንዲት ክፍል ተከራየች። ለዘነቡ “ለሥራዬ ስለሚቀርበኝ ነው” አለቻቸው። ሀና ማርያም የሚያውቃት የለም። በጣም ቅርቡ አዳራሽ ቤቷ አጠገብ ነው፤ እንደ አዲስ ተመዝግባለች፣ መልእክቱ ይደርሳታል፣ ትሄዳለች፣ ትበላለች፣ ለልጆቿ ይዛ ትገባለች። ሱራፌል የሚያወጣው ሪፖርት ላይ ስሟ ባይኖርም ቁጥሯ አለ፤ ሥርዓቱ እንደሠራ ማስረጃ ተደርጋ የተቆጠረች ናት። አንዲት ሴት በአቅራቢያዋ እንድትበላ ሕይወቷን በሙሉ አንሥታ ካራቀች፣ አዎ፣ ይሠራል።

ይህን ያወቅኩት እሷ ነግራኝ አይደለም፤ መልቀቋን ከእድሩ ሴቶች ሰማሁ፣ የቀረውን በዓይኔ አየሁ። ከሥራ ከወጣሁ በኋላ ሀና ማርያም ቀለም መሸጫ ሱቅ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን በር ላይ ቆሜ ሳለሁ የሺ ምሳ ዕቃዋን ነጠላ ሳታለብሰው፣ ልጇን በእጇ ይዛ፣ ቀና ብላ መጣች። አየችኝ። ፈገግ ልትል ነበር፤ እኔም እጄን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ምሳ ዕቃዋን በነጠላዋ ሸፈነችው፣ ሰላም አለችኝ፣ ቸኩላ አለፈች።

በማግስቱ በሌላ መንገድ ሄደች፤ የሩቁን፣ ድንጋይ የበዛበትን። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያው ሄደች።

አሁን ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከሱቁ ኋላ ያለው መጋዘን ገብቼ የቀለም ባልዲ እደረድራለሁ። ባለቤቱ “ምን ሆነሽ ነው፣ ተደርድሮ አልቋል እኮ?” ይለኛል። እንደገና አፈርሰውና እንደገና እደረድረዋለሁ። ትናንት በመጋዘኑ ስንጥቅ አየኋት። በሱቁ ደጅ፣ በቅርቡ መንገድ ነበር የሄደችው።